የኤስኢሲን የኮሌጅ ፉትቦል ፍጻሜ ጨዋታ ተረድቶ እንዴት መመልከት እንደሚቻል

በየዓመቱ ኅዳር ሊገባደድ ሲል፣ በአብዛኛው በዲሴምበር የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ በአትላንታው መርሴዲስ ቤንዝ ስታዲየም የደቡብ ምሥራቅ ኮንፈረንስ፣ በአጭሩ ኤስኢሲ የሚባለው የዩኒቨርሲቲዎች ስብስብ፣ የአሜሪካ ፉትቦል ፍጻሜ ጨዋታውን ያካሂዳል። ለስፖርቱ እንግዳ የሆነ ሰው ግራ የሚጋባው በሕጉ ብዛት እንደሆነ ይነገራል፤ በእኔ አስተያየት ግን ይበልጥ የሚያስቸግረው ሁለቱ ቡድኖች እንዴት እዚያ እንደደረሱና የሚሸነፈው ምን እንደሚያጣ ሳያውቁ መመልከት ነው። ስለዚህ ዝግጅትዎን ከደረጃ ሰንጠረዡ ይጀምሩ።

በሰንጠረዡ ላይ ለእያንዳንዱ ቡድን ሁለት ውጤቶች ተጽፈው ያገኛሉ፤ አንዱ የዓመቱ ጠቅላላ ውጤት ሲሆን ሌላው በኮንፈረንሱ ውስጥ ብቻ የተገኘው ነው። ለፍጻሜ የሚያሳልፈው ሁለተኛው ነው። እስከ 2023 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ድረስ ቡድኖቹ በምሥራቅና በምዕራብ ምድብ ተከፍለው የየምድቡ አንደኛ ለዋንጫ ይገናኝ ነበር፤ በ2024 ቴክሳስና ኦክላሆማ ተቀላቅለው የአባላቱ ቁጥር 16 ሲደርስ ግን ምድቡ ቀርቶ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት የሚያልፉበት አሠራር መጣ። እንደ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሁሉም ከሁሉም ጋር ስለማይጫወት እኩል ውጤት መያዝ የተለመደ ነው። በ2025 ጆርጂያ፣ አላባማ፣ ሚሲሲፒና ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም አራቱም በኮንፈረንሱ 7 አሸንፈው 1 ተሸንፈው ጨረሱ፣ ያለፉት ግን ጆርጂያና አላባማ ነበሩ። እንዲህ ባለ ጊዜ በቅድሚያ የሚታየው እርስ በርስ የተደረገው ጨዋታ ነው፤ ያ ካልለያቸው ሁሉም ከገጠሟቸው ተጋጣሚዎች ጋር የነበራቸው ውጤት፣ ቀጥሎም የተጋጣሚዎቻቸው ጥንካሬ ይመዘናል።

ቀጣዩ እርምጃ ጨዋታው ለእያንዳንዱ ቡድን ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ማጣራት ነው። ፍጻሜው የተጀመረው በ1992 በበርሚንግሃም ከተማ ነው። አርካንሶና ሳውዝ ካሮላይና ተጨምረው አባላቱ 12 በሞሉ ጊዜ የኮንፈረንሱ ኮሚሽነር ሮይ ክሬመር፣ 12 አባላት ያሉት ኮንፈረንስ ፍጻሜ ማድረግ ይችላል የሚለውን ደንብ ተጠቀመበት። ብዙዎች ይህ ተጨማሪ ጨዋታ ያልተሸነፈን ቡድን ከአገር አቀፉ ሻምፒዮና ያስቀራል ብለው ሰግተው ነበር፤ ስጋታቸውም ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ሽንፈት ያልቀመሰው አላባማ ከፍሎሪዳ ጋር 21 ለ21 ሆኖ ሳለ አንቶኒዮ ላንግሃም የተወረወረ ኳስ ቀምቶ እስከ መጨረሻው መስመር በመሮጡ 28 ለ21 አሸነፈ፣ ያን ዓመትም የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ።

ዛሬ ሒሳቡ ሌላ ነው። ከ2024 ጀምሮ ለአገር አቀፉ ጥሎ ማለፍ 12 ቡድኖች ይገባሉ፤ 5ቱ ቦታዎች ለኮንፈረንስ ሻምፒዮኖች፣ 7ቱ ደግሞ መራጭ ኮሚቴው ለሚያስቀድማቸው ሌሎች ቡድኖች ናቸው። በ2025 አላባማ በጆርጂያ 28 ለ7 ተሸንፎም ከ12ቱ አልወጣም። ስለዚህ ከጨዋታው በፊት ባለው ማክሰኞ የሚወጣውን የኮሚቴውን ደረጃ ይመልከቱ፤ ሁለቱም ቡድኖች ከላይ ከተቀመጡ የሚፎካከሩት የመጀመሪያውን ዙር ከሚዘሉት 4 ቡድኖች አንዱ ለመሆን ነው፣ አንዱ በጠርዝ ላይ ካለ ግን እያንዳንዷ ኳስ ሌላ ክብደት ይኖራታል። በዚህ ምክንያት ፍጻሜው ዋጋው ረክሷል የሚሉ አሉ። በከፊል እውነት አላቸው፤ ሆኖም ስታዲየሙ ውስጥ ያለውን ድባብ ያየ ሰው እንዲህ ለማለት ይቸገራል።

ስለ ሕጉ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚበቃው ጥቂት ነው። አጥቂው ቡድን 10 ያርድ (9 ሜትር ገደማ) ለመግፋት 4 ሙከራ አለው፣ ከተሳካለት ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። ተችዳውን፣ ማለትም ኳሱን ከተጋጣሚው የመጨረሻ መስመር ማሳለፍ፣ 6 ነጥብ ሲያስገኝ ከእሱ በኋላ በምት 1፣ መስመሩን እንደገና በማለፍ ደግሞ 2 ነጥብ ይጨመራል፤ በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል የሚመታ ፊልድ ጎል 3 ነጥብ ነው። ዓይንዎ በተለይ ሦስተኛው ሙከራ ላይ ይሁን። እሱ ከከሸፈ አሠልጣኙ ኳሱን አርቆ ለማስመታት፣ ለ3 ነጥብ ለማስሞከር ወይም አራተኛውን ሙከራ ለመድፈር መወሰን አለበት፣ የጨዋታው መንገድም ብዙውን ጊዜ የሚቀየረው እዚያ ላይ ነው። ሰዓቱ በ15 ደቂቃ 4 ክፍሎች የተከፈለ ቢሆንም በየጊዜው ስለሚቆም ከ3 ሰዓት በላይ እንደሚወስድ ያስቡ።

እኩል ከወጡ እያንዳንዱ ቡድን ከተጋጣሚው 25 ያርድ መስመር ተነሥቶ በየተራ ያጠቃል። በ2024 ቴክሳስ በዚህ መንገድ መጀመሪያ 3 ነጥብ አግኝቶ 19 ለ16 መራ። የጆርጂያ ዋና ኩዋርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራውና ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች) ካርሰን ቤክ ከዕረፍት በፊት በመጎዳቱ የገባው ገነር ስቶክተን ሲሮጥ ተመትቶ የራስ ቁሩ ወለቀ፤ የራስ ቁሩ የወለቀ ተጫዋች ለአንድ ሙከራ መውጣት ስላለበት ጉዳተኛው ቤክ ተመልሶ ገባና ኳሱን ለትሬቨር ኤቲየን አቀበለው፣ እሱም ሮጦ በማስቆጠር ጨዋታውን 22 ለ19 ጨረሰው።

በኢትዮጵያ ሆነው ለመመልከት ካሰቡ፣ በቅርብ ዓመታት ጨዋታው እንደተለመደው በአትላንታ ከቀኑ 10 ሰዓት ከጀመረ አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 6 ሰዓት መሆኑን ያስታውሱ። በአትላንታ ለሚኖር ደግሞ መኪና ከማቆም ጣጣ ባቡሩ ይሻላል፤ በክላርክስተን አካባቢ ያለው ሐበሻ ከኢንዲያን ክሪክ ጣቢያ በሰማያዊው መስመር ቢሳፈር ባቡር ሳይቀይር ከስታዲየሙ አጠገብ ያለው ቫይን ሲቲ ይደርሳል። ውስጡ የማይታይ ቦርሳ በር ላይ ስለሚመለስ በላስቲክ የተሠራ ጥርት ያለ ቦርሳ ይያዙ፤ ስታዲየሙ ውስጥም በጥሬ ገንዘብ ስለማይሸጥ ካርድዎን አይርሱ። የ12ቱ ቡድኖች ዝርዝር የሚታወጀው በማግስቱ እሑድ እኩለ ቀን፣ በአዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ ነው።