ቀድሞ በስታዲየም ረብሻ የተሳተፉ ደጋፊዎችን አነጋግሮ የመመረቂያ ጥናት እንዴት ይሠራል?

ባሕር ዳር ከነማ በ2010 ዓ.ም ወደ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ካደገ ወዲህ እግር ኳስ በከተማዋ ወጣቶች ኑሮ ውስጥ ያለው ቦታ ሰፍቷል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሶሺዮሎጂ፣ ስፖርት ሳይንስ ወይም ጋዜጠኝነት የሚማር ተማሪ የደጋፊዎችን ረብሻ ለመመረቂያ ጽሑፉ ቢመርጥ፣ የሚያነጋግረውን ሰው ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ስለ ረብሻ የሚጻፈው በአብዛኛው ከፖሊስ መግለጫ፣ ከጨዋታ ኮሚሽነር ሪፖርትና ከቅጣት ውሳኔ የሚነሳ በመሆኑ፣ ድንጋዩን የወረወረው ሰው በራሱ አንደበት የሚደመጥበት ጊዜ ጥቂት ነው። ረብሻ እንዴት እንደሚጫርና ሰው እንዴት እንደሚተወው ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ግን እሱ ነው።

ጊዜውንና ቦታውን ይወስኑ

«የእግር ኳስ ረብሻ በኢትዮጵያ» የሚል ርዕስ ለአንድ ተማሪ ከአቅም በላይ ነው። አንድ ክለብ፣ አንድ ከተማና የተወሰኑ የውድድር ዘመናት ይምረጡ። ለባሕር ዳር 2011 እና 2012 ዓ.ም ጥሩ መነሻ ይሆናሉ፤ በእነዚህ ዓመታት ክለቦች በሜዳቸውና ከሜዳቸው ውጪ ይጫወቱ ስለነበር ደጋፊው በአውቶቡስ ተሳፍሮ ቡድኑን ይከተል ነበር። የ2012ቱ ውድድር በኮሮና ምክንያት ከተቋረጠ በኋላ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ተሰባስቦ መካሄድ ስለጀመረ፣ የጉዞው፣ የመንገዱና የእንግዳ ደጋፊ አቀባበሉ ታሪክ በአብዛኛው ከዚያ በፊት የነበረ ነው። ይህን ሳያውቁ ቃለ መጠይቅ የጀመሩ እንደሆነ የሁለት ዘመን ትዝታ ይደባለቅብዎታል።

ከማነጋገርዎ በፊት ያንብቡ

ግንቦት 21 ቀን 1977 ዓ.ም በብራስልስ ሄይዝል ስታዲየም በሊቨርፑልና በጁቬንቱስ የፍጻሜ ጨዋታ ላይ 39 ሰዎች መሞታቸው የዓለምን ዓይን ወደ ደጋፊዎች ረብሻ ያዞረ አደጋ ነው። የሂልስቦሮው አደጋ ግን ሌላ ነው። በ1981 ዓ.ም በሼፊልድ በደረሰው በዚህ አደጋ 97 የሊቨርፑል ደጋፊዎች ሞተዋል፤ ለዓመታት በደጋፊዎቹ ላይ ሲላከክ ከቆየ በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም የተጠናቀቀው የሞት ምክንያት ማጣሪያ ችሎት ደጋፊዎቹ ጥፋት እንዳልነበረባቸውና የፖሊስ የአመራር ጉድለት ለሞቱ ምክንያት እንደነበረ ወስኗል። አንድ ተማሪ በፖሊስ ሪፖርት ብቻ ታሪክ መጻፍ የሌለበት ለዚህ ነው።

ከምሁራኑ መካከል በሌስተር ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ኤሪክ ደኒንግና ባልደረቦቹ ረብሻውን ከሠራተኛው መደብ የታችኛው ክፍል የወንድነት ባህል ጋር አያይዘውታል። ፒተር ማርሽ በበኩሉ የኦክስፎርድ ዩናይትድ ደጋፊዎችን አጥንቶ፣ ከውጭ ትርምስ የሚመስለው ነገር በውስጡ የራሱ ደንብና እርከን እንዳለው አመልክቷል። ሁለቱንም ያንብቡ፤ ነገር ግን የእንግሊዝን ማብራሪያ እንዳለ ወደ ጣና ዳር አያምጡት። በአገራችን የክልሎች ፖለቲካዊ ውጥረት ስታዲየም ድረስ ገብቶ አንዳንድ ጨዋታዎች በገለልተኛ ሜዳ እንዲካሄዱ እስከማድረግ የደረሰበት ጊዜ ስላለ፣ ያን ያላገናዘበ ትንታኔ ጎዶሎ ይሆናል።

ፈቃድ ያግኙ፤ ሰዎችን ይፈልጉ

የጥናት ዕቅዱን ለአማካሪ መምህርዎ አሳይተው፣ ትምህርት ክፍሉ የሚጠይቀውን የሥነ ምግባር ማረጋገጫ ካገኙ በኋላ ብቻ ወደ ሰው ይሂዱ። ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላውን፣ በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ ያለበትንና አሁንም በረብሻ የሚሳተፈውን አያካትቱ።

የመጀመሪያው በር አብዛኛውን ጊዜ የደጋፊ ማኅበር አባል ወይም የቀድሞ አስጨፋሪ ነው። ሁሉንም በአንድ ሰው በኩል ማግኘት የአንድ ቡድን ጓደኛሞችን ወሬ ብቻ ስለሚያስገኝ፣ እርስ በርስ ከማይተዋወቁ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ይነሱ። የጓደኛውን ስልክ እንዲሰጥዎ ማንንም አይጠይቁ፤ የእርስዎን ቁጥር ለጓደኛው እንዲሰጥና የፈለገ ራሱ እንዲደውል ያድርጉ። ለመጀመሪያ ዲግሪ በጥልቀት የተነጋገሩ ከ8 እስከ 12 ሰዎች በእኔ እምነት ይበቃሉ።

ቦታና ስምምነት

በስታዲየሙ ዙሪያና ሰው በሚጨናነቅበት ቡና ቤት አይነጋገሩ። በሐይቁ ዳር ካሉት መናፈሻዎች ወንበሮቹ የተራራቁበትን መርጦ በሥራ ቀን ጠዋት መገናኘት ይመረጣል፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ የድምፅ ቅጂውን ያበላሻል። ቡና መጋበዝ ነውር የለበትም፤ ቢራና ጫት ግን ምስክርነቱንም ፈቃዱንም አጠራጣሪ ያደርጋሉ። የት እንዳሉ የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑርዎት።

ፊርማ ያለበት ወረቀት ተጠያቂውን የሚያጋልጥ ብቸኛ ሰነድ ሊሆን ስለሚችል፣ የሥነ ምግባር ማረጋገጫውን ከሚሰጠው ኮሚቴ ጋር ተስማምተው ፈቃዱን ስም ሳይጠራ በድምፅ ቢቀዱት ይሻላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱን ይወቁ፤ ነገር ግን ተማሪ እንደ ጠበቃ የሰማውን በምስጢር የመያዝ ከለላ እንዳለው አድርገው ቃል አይግቡ። ፍርድ ቤት ያልደረሰበትን ከባድ ወንጀል በዝርዝር እንዳይነግርዎ አስቀድመው ያስጠንቅቁት።

ስለ ቀኑ ይጠይቁ

«ለምን ረበሽክ?» የሚለው ጥያቄ ሰውየውን ወይ ወደ ይቅርታ ወይ ወደ ወቀሳ ይመራዋል፤ ሁለቱም ለጥናት ብዙ አይጠቅሙም። የአንድ ጨዋታ ቀን ይምረጥና ከጠዋት እስከ ማታ ይተርክልዎ። ከቤት ስትወጣ ከማን ጋር ነበርክ? ማሊያ ለብሰህ ነበር? የት ተገናኛችሁ? በየትኛው በር ገባችሁ? ነገሩ የተለወጠው ከየትኛው ቅጽበት በኋላ ነው፤ ከዳኛው ውሳኔ፣ ከተቃራኒ ደጋፊ ዘፈን ወይስ ከበር ላይ ግፊያ? የመጀመሪያው የሃይላንድ ፕላስቲክ ሲወረወር ፖሊስ የት ቆሞ ነበር? ማን ሸሸ፣ ማንስ ሊገላግል ሞከረ? ማታ ቤት ስትገባ እናትህ ምን አለች? ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጥተው ስታዲየሙን እንዲስል ቢጠይቁት፣ በቃል የማይመጡ ብዙ ነገሮች በሥዕሉ ላይ ይወጣሉ።

በዕድሜ ለሚበልጥዎ «አንቱ» ይበሉ፤ ለእኩያዎም ቢሆን «ወንድሜ» ብሎ መጀመር መንገድ ይከፍታል። የሌላ ሰው ስም ከጠራ በትሕትና ያስቁሙት። ዝም ሲል አያቻኩሉት። ጀብዱውን እያሳደገ ሲያወራ ፊት ለፊት አይቃወሙት፤ የጨዋታውን ቀን፣ ውጤቱንና የተላለፈውን ቅጣት በኋላ ከታተሙ ዘገባዎች ያመሳክሩ። የሁለት ሰዎች ትረካ ሲለያይ አንዱ ዋሽቷል ብለው አይደምድሙ፤ ልዩነቱ ራሱ መረጃ ነው።

ሰፊ ጊዜ የሚገባው የመተው ታሪክ ነው። ሥራ ማግኘት፣ ትዳር፣ መታሰር፣ የጓደኛ መቁሰል፣ ወይም የቤተሰብ ተማጽኖ ከየትኛው ጨዋታ በኋላ ውሳኔውን እንዳመጣ በዝርዝር ይጠይቁ፤ ለክለብና ለከተማ አስተዳደር ከሁሉ የሚጠቅመው ዕውቀት ያለው እዚህ ነው።

ከቃለ መጠይቁ በኋላ

ቅጂውን በዚያው ዕለት ወደ ጽሑፍ ይገልብጡ፤ አነጋገሩን አያስተካክሉት። ስም መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ሰው በሚተዋወቅበት እንደ ባሕር ዳር ባለ ከተማ፣ «ከዚህ ሰፈር የመጣ፣ ባጃጅ የሚነዳ የቀድሞ አስጨፋሪ» የሚል ሐረግ ሰውየውን በግልጽ ያሳውቃል። ስለዚህ ሰፈሩን ወይም ሥራውን ይተዉ። ብሔርን የሚሰድብ ንግግር ለትንታኔው አስፈላጊ ካልሆነ ቃል በቃል አያትሙ። ትክክለኛዎቹ ስሞች ከጽሑፉ ተለይተው በይለፍ ቃል የተቆለፈ ፋይል ውስጥ ይቀመጡ።

ጽሑፎቹን ደጋግመው አንብበው በጭብጥ ሲመድቡ ከእርስዎ ሐሳብ ጋር የማይሄደውን ምስክርነት ለብቻው ይያዙት፤ ሊያብራሩት ካልቻሉ መደምደሚያዎን ይቀይሩ። ከማስረከብዎ በፊት እያንዳንዱ ተጠያቂ የእሱን ክፍል ያንብብ ወይም ይነበብለት፤ ይውጣልኝ ያለው ይውጣለት። የመመረቂያ ጽሑፉ ተገምግሞ ካለፈ በኋላ የድምፅ ቅጂዎቹን ያጥፉ፤ ክለቡ ወይም የደጋፊ ማኅበሩ ውጤቱን ከጠየቀም ጠቅላላ ግኝቱን እንጂ የአንድን ሰው ቃለ መጠይቅ አይስጡ።