ፈረሱ ሲቆም ጅራፍ አታንሱ፤ ጀማሪ ባለጋሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ላይ ሰው የማመላለሱን ሥራ ባጃጅ ከወሰደው ቆይቷል። ጋሪ ግን አልጠፋም። ሲሚንቶው፣ አሸዋው፣ የቀፊራ ገበያ ጆንያው፣ የውሃ በርሜሉ አሁንም ጋሪ ላይ ሲጫን ይታያል። ትንሽ ብር የቋጠረ ወጣትም ፈረስና ጋሪ ገዝቶ ወደዚህ ሥራ ይገባል። ጎበዞች ናቸው፣ እወዳቸዋለሁ። ግን ያንኑ ስህተት ደጋግመው ሲሠሩ ማየት ሰልችቶኛል።

የምጽፈው ለፈረሱ ብቻ ብዬ አይደለም። ፈረስ ከሳሽ አይሆንም፣ ቀበሌ ሄዶ አቤት አይልም። ማንም በማይጠይቅህ ቦታ፣ መናገር ለማይችል ፍጡር የምታደርገው ነገር የጸሎትህን እውነት ያወጣዋል። ይህን ከልቤ አምናለሁ።

ከሁሉ የሚብሰው ስህተት ፈረሱ ሲቆም ጅራፍ ማንሳት ነው።

ፈረስ ያለ ምክንያት አይቆምም። ይህን ስንት ጊዜ እንደምንናገር! ልጁ ግን ከኋላ ባጃጅ ጥሩምባ ስለነፋበት፣ ሰው ስላየው፣ ስላፈረ ይገርፋል። ፈረሱ እየተንቀጠቀጠ ይሄድለታል። ልጁም «እልኸኛ ነበር፣ አስተካከልኩት» ይላል። አላስተካከልከውም ወንድሜ። ያመመውን ነገር መንገር እንዲያቆም ነው ያስተማርከው። እንዲህ ዓይነት ፈረስ ሕመሙን ይዞ ዝም ብሎ ይጎትታል፣ ይጎትታል፣ አንድ ቀን አስፋልት ላይ ይወድቃል። ያኔ «ምን ነካው?» ይባላል።

አንድ ክረምት የደቻቱን ወንዝ የሚሻገሩ ጋሪዎች መካከል ነበርኩ። ደቻቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ከተማው ላይ ጠብ ያለ ዝናብ አልነበረም። ከፊታችን ያለው ፈረስ አሸዋው ጫፍ ላይ ደርሶ ቆመ። ነጂው ወጣት ጅራፉን አነሳ። አንድ ሽማግሌ ባለጋሪ ሮጠው ዛቡን፣ መሪ ገመዱን፣ ያዙና «አቦ ተው አንተ ልጅ! ጆሮውን አታይም?» አሉት። የፈረሱ ሁለት ጆሮዎች ወደ ወንዙ ራስ፣ ወደ ተራራው ዞረው ቀጥ ብለዋል። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ለእኛም ተሰማን። ከዚያ ቡናማው ውሃ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ መጣ። ሽማግሌው «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ልጁ ቃል አልወጣውም።

ደቻቱ እንዲህ ነው። ዝናቡ በደንገጎ በኩል ደጋው ላይ ይወርድና ከተማው ሳያውቀው ጎርፉ ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው የጨረሰው ይኸው ወንዝ ነው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ያን ቀን ትዝ ያለችኝ የበለዓም አህያ ናት። እሷ ሰይፍ የያዘውን መልአክ አይታ ቆመች። ነቢዩ አላየም፣ ግን ሦስት ጊዜ መታት። ማየት የነበረበት እሱ ነበር።

በእርግጥ ሁልጊዜ ጎርፍ አይመጣም። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ትንሽ ነገር ነው። ሰኮናው ውስጥ የተሰካ ጠጠር ወይም ሚስማር፣ ደረቱ ላይ የሚቧጥጠው ቀበቶ፣ ወደ ፊት ያጋደለ ጭነት። ስለዚህ ውረድ። አራቱንም እግር አንስተህ እይ። እጅህን በየቀበቶው ሥር አስገባ። ጆሮው ወዴት እንደዞረ ተመልከት። ይህ ሁሉ ሲጋራ ለኩሶ ከመጨረስ ያነሰ ጊዜ ነው የሚወስደው። ይህን የለመደ ሰው ቤቱ ሲገባም ይለወጣል፤ ልጁ ትምህርት ቤት አልሄድም ሲለው ቀበቶ ከመፍታቱ በፊት «ምን ሆንክ?» ይለዋል።

ሁለተኛው፣ «ላብ ያለበት ፈረስ ውሃ ከጠጣ ይሞታል» የሚሉት ወሬ ነው። እባካችሁ ተዉት። የሚገድለው ጥማቱ ነው። ፈረስ ሳይሠራም በቀን ከ25 ሊትር ያላነሰ ውሃ ይፈልጋል፤ በግንቦትና በሰኔ የድሬ ሙቀት ጭነት ሲጎትት ደግሞ ከዚያ እጥፍ ሊጠጣ ይችላል። ውሃ ያጣ ፈረስ የበላው ድርቆሽ አንጀቱ ውስጥ ይደርቅበታል። ፈረስ ደግሞ እንደ እኛ አያስመልስም። ሆዱን ሲያመው መሬት ላይ ይንከባለላል፣ ብዙ ጊዜም አይተርፍም። ጥላ ሥር አቁሙት፣ አጠጡት፣ ገላውንም ውሃ አፍስሱበት። ከላቡ ጋር ጨው ስለሚወጣ ጨውም ይላስ። ሙስሊም ወንድሞቻችን በጫማው ከጉድጓድ ውሃ ቀድቶ የተጠማ ውሻ ስላጠጣና ኃጢአቱ ይቅር ስለተባለለት ሰው ይናገራሉ። እኩለ ቀን ላይ ጫቱን ይዞ ጥላ ውስጥ ጋደም ብሎ ፈረሱን ከነጋሪው ፀሐይ ላይ ያሰረ ሰው ሳይ ያ ታሪክ ይመጣብኛል።

ከኋላው በዝምታ አትጠጉት። ፈረስ ቀጥታ ከኋላው ያለውን አያይም። እያናገራችሁት በጎን ኑ።

ልጓም ከሽቦ አትሥሩ። ርካሽ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ምላሱንና የአፉን ዳር ይቆርጠዋል። አፉ የቆሰለ ፈረስ አይበላም፤ ያልበላ ፈረስ አይጎትትም። ልጓም የሚሠራው በዝግታ ሲያዝ ነው። ዛቡን ሁልጊዜ ወጥሮ የሚይዝ ሰው በመጨረሻ ምንም የማይሰማ አፍ ይተርፈዋል። ሚስቱን፣ ሠራተኛውን፣ ልጁን ቀኑን ሙሉ በጩኸት የሚያዝዝ ሰውም አውቃለሁ፤ እሱንም ቤት ውስጥ የሚሰማው የለም።

አሁን ደግሞ የሚያናድደኝን ልናገር። ቀይ ጥለት፣ ቃጭል፣ ግንባሩ ላይ መስተዋት፣ ጋሪው ላይ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል። ያምራል። ሥዕሉን ማክበር ደግ ነው። ቀበቶውን አንስታችሁ ስታዩ ግን ሥጋው ተልጦ ዝንብ ወርሮታል። ለታኅሣሥ 19 ከተማው በቁልቢ ተጓዥ ሲሞላ ሥራው ይደራል፤ አንዳንዱ ስለቱን የሚያስገባበትን ብር ለማግኘት ፈረሱን ቀንና ሌሊት ያሠራዋል። ስለትህን እግዚአብሔር ይቀበልልህ። ግን «ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ ይራራል» የሚለው ምሳሌም ቃሉ ነው። ቁስሉን በጨው ውሃ እጠብ፣ ቀበቶው ሥር ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ደልድል፣ እስኪድን አሳርፈው። የተቃጠለ ዘይት አትቀባው!

ለፈረሳችሁ ስም አውጡለት። ቁልቢ ገብርኤልን ያሠሩት ራስ መኮንን በፈረሳቸው ስም አባ ቃኘው ይባሉ ነበር። አጼ ምኒልክ አባ ዳኘው። አባቶቻችን በፈረስ ስም መጠራትን ክብር አድርገውታል። ዛሬ «ፈረስህ ማን ይባላል?» ስል ልጆቹ ይስቁብኛል። ስም የሌለውን ነገር መግረፍ ይቀላል። «ዳማ፣ ና!» ብለህ የምትጠራውን ግን እንዲያ አታደርገውም።

የመጨረሻው ያረጀን ፈረስ መንገድ ላይ መልቀቅ ነው። ዕድሜውን ሙሉ አብልቶህ፣ የቤት ኪራይህን ከፍሎልህ፣ ጉልበቱ ሲያልቅ ከተማ ዳር ወስደህ ትፈታዋለህ። ሌሊት ጅብ በቁሙ ይበላዋል፣ ወይ ሲኖትራክ ይገጨዋል። «እኔ አልገደልኩትም» ብሎ መሸሽ አይቻልም። ፈረስ ስትገዛ ጀምረህ ለዚያ ቀን ከዕለት ገቢህ ትንሽ ለብቻ አስቀምጥ። ቀላል ሥራ የሚሰጠው የገጠር ዘመድ ካለህ ውሰድለት፤ ብር አትጠይቅበት። መነሳት ካቃተው ደግሞ የእንስሳት ሐኪም አምጣና ሳይሰቃይ እንዲሄድ አድርግ፤ እስኪያልቅም ራሱን ይዘህ አጠገቡ ቁም።