ኳንተም ዶት ነጭ ኤልኢዲ፦ ብርሃኑ የት ይባክናል፣ እንዴትስ ይድናል?

ኳንተም ዶት በናኖሜትር የሚለካ ደቃቅ የሴሚኮንዳክተር ክሪስታል ነው፤ ከኤልኢዲው ቺፕ የሚወጣውን ሰማያዊ ብርሃን ከፊሉን አረንጓዴና ቀይ ያደርገዋል፣ ሦስቱ ሲቀላቀሉም ነጭ ሆነው ይታያሉ። ጥሩ ዶት በቶሉይን (በአሟሚ ፈሳሽ) ውስጥ ሳለ ከሚውጣቸው 100 ሰማያዊ ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) 90 ያህሉን አረንጓዴ ወይም ቀይ አድርጎ ይመልሳል። ያው ዶት ደርቆ ኤልኢዲ ላይ ሲቀመጥ ግን ቁጥሩ ክፉኛ ሊያሽቆለቁል ይችላል። ስለዚህ የተሻለ ዶት ከመፈለግ በፊት በእጅ ያለውን ሳያበላሹ ወደ ጠጣር ማሻገር ይቀድማል።

በሞገድ ርዝመት ሰማያዊው ቺፕ 450 ናኖሜትር፣ አረንጓዴው ዶት ከ525 እስከ 535፣ ቀዩ ከ615 እስከ 625 ቢሆን ጥሩ ነው። ጥልቅ ቀይ ያምራል ብሎ 650 መምረጥ ሉመን (ዓይን የሚያየው የብርሃን መጠን) ማባከን ነው። የዓይን ስሜት በ555 ናኖሜትር 1 ቢባል፣ በ620 ላይ 0.38፣ በ650 ላይ 0.11 ብቻ ነውና። ሰማያዊው ወደ 620 ሲለወጥ የፎቶኑ ጉልበት 27 በመቶ ያህል ሙቀት መሆኑ ግን አይቀሬ ነው።

ዶቱን ሸፍኖ የሚጠብቀው ሞለኪውል ሊጋንድ ይባላል። ትርፉን ለማስወገድ ኢታኖል ጨምሮ በሴንትሪፊዩጅ (በፍጥነት በሚያሽከረክር ማሽን) ማዝቀጥ አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ የዶቱ መከላከያ ሽፋን ይላጣል፤ ብርሃኑ ይደበዝዛል፣ ዶቶቹም እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ከታጠበ በኋላ አቅጥናችሁ የሚመልሰውን ብርሃን ለኩ። አብዞርባንሱ (ብርሃን የመዋጥ ልኩ) ከ0.1 በታች ካልሆነ ዶቱ የራሱን ብርሃን መልሶ ስለሚውጥ ንባቡ ዝቅ ብሎ ያሳስታችኋል።

ዶቱን በጠጣር ለሚይዘው ማቀፊያ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ሲሊኮንን ነው፤ ብዙው ጣጣም የሚመጣው ከዚያው ነው። በፕላቲነም የሚጠጥር ሲሊኮን በሊጋንዱ ውስጥ ያለ አሚን ወይም ታዮል (ናይትሮጅን ወይም ድኝ ያለበት ውህድ) ሲነካው አጠጣሪው ፕላቲነም ይመረዝና እንዳጣበቀ ይቀራል። ፒኤምኤምኤ (አክሪሊክ የሚባለው ግልጽ ፕላስቲክ) ይህ ችግር የለበትም። 1 ግራም ፒኤምኤምኤ በ9 ግራም ቶሉይን አሟሙ። ለመነሻ ያህል ለቀዩ ፊልም 5 ሚሊግራም፣ ለአረንጓዴው ለብቻው 20 ሚሊግራም ዶት ጨምሩ፤ ትክክለኛው ልክ እንደ ዶቱ ስለሚለያይ ቀለሙን እያያችሁ አስተካክሉ። በእያንዳንዱ ላይ 5 ሚሊግራም የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ዱቄት ብትጨምሩ ሰማያዊው ብርሃን በፊልሙ ውስጥ ብዙ ስለሚመላለስ ያነሰ ዶት ይበቃል። ዱቄቱ ከበዛ ግን ብርሃኑን ወደ ቺፑ ይመልሰዋል።

ፊልሙን ከድኖ ቀስ ብሎ ማድረቅ ግድ ነው፤ በጋለ ሳህን ላይ የተቻኮለ ፊልም አረፋ ይይዛል፣ ዶቱም ይጓጉላል። ሁለት ዶቶች ከ10 ናኖሜትር በታች ከተቀራረቡ አንዱ ጉልበቱን ብርሃን ሳያደርግ ለጎረቤቱ ያስተላልፋል፤ ጎረቤቱ ጉድለት ያለበት ከሆነ ጉልበቱ እዚያው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። የቶሉይን ትነት መርዛማ ስለሆነ ይህ ሁሉ ትነት በሚመጥ መከለያ ውስጥ ይሠራ።

ሁለቱን ቀለም በአንድ ፊልም አትቀላቅሉ። ቀዩን ወደ ቺፑ፣ አረንጓዴውን ከላይ አድርጉ። ቀይ ዶት አረንጓዴ ብርሃን ይውጣል፤ አረንጓዴ ዶት ግን ቀይ ብርሃንን አይነካም። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ወደ ውጭ የሚሄደው አረንጓዴ ሁሉ በቀዩ ውስጥ ማለፍ አለበት። ፊልሞቹን በሁለት ቀጭን መስታወት መካከል አድርጋችሁ ጠርዙን በኤፖክሲ አሽጉ፤ ከቺፑም ጥቂት ሚሊሜትር አርቁ።

ብርሃን የመስበር ልኩ 1.5 ከሆነ ጠፍጣፋ ገጽ ከ42 ዲግሪ በላይ አጋድሎ የሚመጣው ጨረር ወደ አየር አይወጣም፤ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ከላይኛው መስታወት ላይ ግማሽ ሉል የሆነ ሌንስ፣ አየር ሳይገባ በግልጽ ማጣበቂያ መለጠፍ ብዙውን ያስወጣዋል። ዙሪያው ነጭ አንጸባራቂ ይሁን።

ዶቱን በፈሳሽነቱ በሌንስ ውስጥ የማሸግ መንገድም አለ። በቱርክ የኮች ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 በዚህ ዘዴ 105 ሉመን በዋት አሳይተዋል። መፍሰስና በሙቀት መስፋት ግን አስቸጋሪ ናቸው።

ሲለካ ኤልኢዲው ሙቀቱ እስኪረጋ ይብራ፤ እንደበራ የተወሰደ ንባብ ያሞካሻል። የአረንጓዴው ጫፍ በፈሳሹ ከነበረበት ወደ ረዥም ሞገድ ከሸሸ ዶቱ ተጓጉሏል ወይም ፊልሙ ወፍሯል። ሲሞቅ ደብዝዞ ሲቀዘቅዝ ከተመለሰ ፊልሙን ይበልጥ አርቁ ወይም የቺፑን ከረንት ቀንሱ። ቀዝቅዞም ካልተመለሰ ኦክስጅን ወይም እርጥበት ገብቷል፤ ያ ፊልም ይጣል፣ እሽጉም ይፈተሽ።