የትንሽ ነዳጅ አምራች ዕዳ ሲመዘን

የአሜሪካ አነስተኛ ዘይትና ጋዝ አምራቾችን አክሲዮን ለምታዩ፦ የረጅም ጊዜ ዕዳን ከባለአክሲዮኖች ካፒታል ጋር ማነጻጸር ብዙ አይነግራችሁም። ካፒታሉ የድሮ ወጪ መዝገብ ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለው ገና ከመሬት ያልወጣው ዘይት ነው።

ስለዚህ 10-ኬ የሚባለውን ዓመታዊ ሪፖርት ክፈቱና «ፒቪ-10» የሚል ፈልጉ። ከመሬት በታች መኖሩ ከተረጋገጠው የዘይትና ጋዝ ክምችት ወደፊት የሚገኘው የተጣራ ገቢ፣ ከግብር በፊት፣ በየዓመቱ 10 በመቶ እየተቀናነሰ ዛሬ የሚያወጣው ዋጋ ነው። ከዚያ ውስጥ አሁን እያመረቱ ካሉ ጉድጓዶች የሚመጣውን ብቻ ለይታችሁ ለዕዳው አካፍሉት። ያልተቆፈረውን ተዉት፤ ለመቆፈር ራሱ ገንዘብ ይፈልጋል፣ ዕዳ የከበደው ኩባንያ ደግሞ መጀመሪያ የሚያቆመው ቁፋሮውን ነው። እኔ ውጤቱ ከ2 በታች ከሆነ አልጠጋም። ያረጁ ጉድጓዶችን የመዝጊያ ወጪም ዕዳው ላይ ደምሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ተጽፎ ስለሚቀመጥ ያመልጣል።

የዘይቱ ዋጋ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ስሌቱ የሚይዘው ያለፉትን 12 ወራት የየወሩን የመጀመሪያ ቀን ዋጋ አማካይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ በርሜሉ ወደ 53 ዶላር ወርዶ ሳለ የዓመቱ ሪፖርቶች የተሠሩት ከ90 ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ ነበር። ባንኮች ደግሞ በክምችት ዋስትና የሚሰጡትን ብድር ጣሪያ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ሁለቴ ይከልሳሉ፤ ዋጋ ሲወርድ ጣሪያውም ይወርዳል፣ ኩባንያውም ከጣሪያው ያለፈውን ብድር መልስ ይባላል።

ለቧንቧ መስመርና ለማጣሪያ ኩባንያዎች ይህ ስሌት አይሠራም፤ የሚሸጡት የራሳቸውን ክምችት አይደለምና።