ቬጋስ ስትመጡ ጨርቁ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፦ የካሲኖ ቃላት ለአበሻ እንግዳ

አንድ ጋሼ ለሰርግ ከአዲስ አበባ ቬጋስ መጥተው እኔ ካርድ የማከፋፍልበት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ያኔ ዲለር ነበርኩ። ደረቴ ላይ ካለው ባጅ ስሜን አንብበው አበሻ መሆኔን ሲያውቁ ደስታቸው ልዩ ነበር። ትንሽ ቆይቶ የእኔ የተገለጠው ካርድ አስ ሆነ። በዚህ ጊዜ ደንቡ ግድ ስለሚለኝ «ኢንሹራንስ?» ብዬ ጠየቅኩ። ጋሼ ፈገግ አሉ። «ኢንሹራንስማ ጥሩ ነው ልጄ፣ መኪናም ያለ ኢንሹራንስ አይነዳ» አሉና ካስያዙት ላይ ግማሹን ያህል ጨመሩ። ከዚያ በኋላ አስ በወጣልኝ ቁጥር ኢንሹራንስ ገዙ፣ አብዛኛውንም ጊዜ ተበሉ። እኔ ደግሞ ዩኒፎርም ለብሼ፣ ካሜራ ከአናቴ በላይ ተተክሎ፣ «ጋሼ ይቅርብዎ» ማለት አልችልም።

አሁን ግን እችላለሁ። ስለዚህ ይሄ ለእሳቸው የተጻፈ ነው በሉት።

ቬጋስ ዘመድ የሌለው አበሻ ጥቂት ነው። ቬጋስ ያለችበት ክላርክ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2023 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰፈር እስከመሰየም ደርሷል፤ ታክሲ የሚነዳው፣ ሆቴል የሚሠራው፣ ካርድ የሚያከፋፍለው የኛ ሰው ብዙ ነው። እንግዳ ሲመጣ ታዲያ «እስቲ ካሲኖውን አሳዩኝ» ማለቱ አይቀርም። የካሲኖ ቃላት የሚከብዱት እንግሊዝኛ ስለሆኑ አይደለም። እንግሊዝኛ እንደ ውሃ የሚጠጡ ሰዎችም በእነዚሁ ቃላት ሲሸወዱ አይቻለሁ። እያንዳንዱ ቃል ውስጥ የተደበቀ ዋጋ አለ። ዋጋውን ካወቃችሁ ቃሉን አወቃችሁ።

ከኢንሹራንሱ እንጀምር። ብላክጃክ (ከ21 ሳታልፉ ከዲለሩ ይልቅ ወደ 21 ለመቅረብ የምትሞክሩበት የካርድ ጨዋታ) ላይ የዲለሩ የተገለጠ ካርድ አስ ከሆነ (እዚህ «ኤስ» ነው የሚሉት) የተሸፈነው ካርዱ 10 ዋጋ ያለው ሊሆን ይችላል ብላችሁ የምትወራረዱት ነው እንጂ እናንተን ከምንም አያድናችሁም። ከያዛችሁት ካርድ ጋርም አይገናኝም። ትክክል ከሆናችሁ በ1 ዶላር 2 ዶላር ይከፈላችኋል። ከ13ቱ የካርድ ዓይነቶች 10 ዋጋ ያላቸው 4 ብቻ ናቸው፤ 10፣ ጃክ፣ ክዊንና ኪንግ። እንግዲህ 13 ጊዜ በ5 በ5 ዶላር ገዛችሁ እንበል። 4 ጊዜ ትበላላችሁ፣ ያ 40 ዶላር ነው። 9 ጊዜ ትበላላችሁ፣ ሁለተኛው «ትበላላችሁ» ግን ጠብቆ ይነበብ፣ ያ ደግሞ 45 ዶላር ነው። አማርኛችን ለማሸነፍም ለመሸነፍም አንድ ሆሄ መስጠቱ እዚህ ላይ ያስቃል።

ይቺ የ5 ዶላር ልዩነት «ሀውስ ኤጅ» ትባላለች። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ እሷን አትርሱ። ሰፈር ውስጥ ኮንከር ስንጫወት ብራችንን የሚወስደው አጠገባችን የተቀመጠው ጓደኛችን ነው፣ ነገ ደግሞ እኛ እንወስድበታለን። ካሲኖ ውስጥ ከፊታችሁ ያለው «ሀውስ» ነው፣ ቤቱ። ቤቱ አያጭበረብርም፤ ማጭበርበር አያስፈልገውማ። ሲያሸንፍ ሙሉውን ይወስዳል፣ ሲሸነፍ ደግሞ ከሚገባችሁ ትንሽ ቀንሶ ይከፍላል። ያቺ የቀነሳት ናት የዲለሩን ደመወዝ የምትከፍለው።

ሩሌት፣ ኳስ የሚሽከረከር ጎማ ላይ የምትጣልበት ጨዋታ፣ ላይ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። የአሜሪካው ጎማ 38 ጉድጓድ አለው፦ ከ1 እስከ 36፣ አንድ ዜሮ፣ አንድ ደግሞ ደብል ዜሮ። በአንድ ቁጥር ላይ ብቻ ማስያዝ «ስትሬት አፕ» ነው፣ የሚከፍለው 35 ለ 1። ሁሉም ጉድጓድ ላይ 1 ዶላር ብታደርጉ 38 ዶላር አውጥታችሁ 36 ይመለስላችኋል። ሁለቷ ዶላር የት ሄደች? ዜሮዎቹ በሏት። ይህ 5.26 ከመቶ ነው። ባለ አንድ ዜሮው፣ «ዩሮፒያን» የሚሉት፣ 37 ጉድጓድ ስላለው ወደ 2.7 ይወርዳል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ስትሪፑ (ትልልቆቹ ካሲኖዎች የተደረደሩበት መንገድ) ላይ ባለ ሦስት ዜሮ መጥቷል፤ እሱ 7.69 ነው። ጎማው ያው፣ ኳሷ ያው፣ ሙዚቃው ያው፣ የተጨመረችው አንዲት አረንጓዴ ጉድጓድ ብቻ። ስለዚህ ከመቀመጣችሁ በፊት ዜሮ ቁጠሩ። ሦስት ካያችሁ ሰላምታ ሰጥታችሁ እለፉ።

አጠገቡ የወጡትን ቁጥሮች የሚያሳይ ሰሌዳ አለ። ሰው እሱን እያየ «ጥቁር አምስቴ ወጥቷል፣ አሁን የቀይ ተራ ነው» ይላል። «ዱ» ነው የሚሉት፣ ተራው ደርሷል ለማለት። እ.ኤ.አ. በ1913 ሞንቴ ካርሎ ውስጥ ጥቁር 26 ጊዜ በተከታታይ ወጥቶ ቀይ ቀይ ሲሉ ያመሹትን ሰዎች ባዶ ኪስ እንዳስቀራቸው እስከዛሬ ይወራል። ኳሷ ትናንትን አታስታውስም። ሰሌዳው የተሰቀለው እኛ ስለምናስታውስ ነው።

ወደ ብላክጃክ ልመለስ፣ ምክንያቱም ቃላት የሞሉበት እሱ ነው። «ሂት» ካርድ ጨምርልኝ፣ «ስታንድ» ይበቃኛል። ካርዱ ፊት ለፊታችሁ ተገልጦ በሚታደልበት ጠረጴዛ ይህን በአፍ አይናገሩትም፣ በእጅ ነው፦ ለሂት የጠረጴዛውን ጨርቅ በጣት መታ መታ፣ ለስታንድ መዳፍን ከካርዱ በላይ ወዲያ ወዲህ። ምክንያቱም ጭቅጭቅ ቢነሳ ዳኛው «አይ ኢን ዘ ስካይ» የሚሉት ጣሪያ ላይ ያለው ካሜራ ነው። ከ21 ማለፍ «በስት» ነው። የቤቱ ትልቁ ጥቅም ያለውም እዚህ ላይ ነው፤ እናንተ ቀድማችሁ ስለምትጫወቱ ካለፋችሁ ብሩ ወዲያው ይነሳል፣ ዲለሩ በኋላ እሱም ቢያልፍ የእናንተ አይመለስም። እኩል ከሆናችሁ «ፑሽ» ነው፣ ብራችሁ ባለበት ይቀራል። «ደብል ዳውን» ያስያዛችሁትን እጥፍ አድርጋችሁ አንድ ካርድ ብቻ መቀበል ነው። «ስፕሊት» ደግሞ ሁለት አንድ ዓይነት ካርድ ሲደርሳችሁ ለሁለት ከፍላችሁ ሁለት እጅ መጫወት፣ እርግጥ ለሁለተኛውም ታስይዛላችሁ።

ጨርቁ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ግን ሰው አያነብም። «ብላክጃክ 3 ለ 2 ይከፍላል» የሚል ጠረጴዛ አለ፣ «6 ለ 5 ይከፍላል» የሚልም አለ። ብዙ ሰው 6 ከ3 ስለሚበልጥ ሁለተኛው የተሻለ ይመስለዋል፤ ይህን ስል እየቀለድኩ አይደለም። 10 ዶላር አስይዛችሁ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርዶች አስና 10 ሲመጣላችሁ በ3 ለ 2 የሚከፈላችሁ 15 ዶላር ነው፣ በ6 ለ 5 ግን 12። ብላክጃክ በግምት በ21 እጅ አንዴ ይመጣል፣ ስለዚህ በሰዓት 60 እጅ ብትጫወቱ ሦስቴ ገደማ፣ በያንዳንዷ 3 ዶላር እየተነሳባችሁ። «ሂትስ ሶፍት 17»፣ ማለትም ዲለሩ ሶፍት 17 ሲደርሰው ካርድ ይጨምራል የሚለውም፣ ቤቱን ትንሽ ይጠቅማል። ሶፍት የሚባለው አስ እንደ 11 ሲቆጠር ነው።

«ቤዚክ ስትራቴጂ» ሲባል ከሰማችሁ አስማት አይደለም። የትኛው እጅ ሲደርስ ምን ማድረግ እንደሚሻል የሚናገር ሰንጠረዥ ነው፤ አራት የአሜሪካ ጦር ሠራዊት አባላት በሂሳብ ማሽን አስልተው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው ያሳተሙት። በካርድ መልክ ስጦታ መሸጫ ሱቆች ውስጥ ይሸጣል፣ ጠረጴዛው ላይ ይዛችሁ ብትቀመጡም አብዛኛውን ጊዜ ማንም አይከለክላችሁም። ያንን ተከትላችሁ በጥሩ ጠረጴዛ ከተጫወታችሁ የቤቱ ድርሻ ወደ ግማሽ ከመቶ ይወርዳል። ኢንሹራንስ? ሰንጠረዡም «አትግዙ» ነው የሚለው። ጋሼ፣ ያዩልኝ!

ባካራት በሚባለው የካርድ ጨዋታ ላይ ደግሞ «ባንከር» ማለት ባንክ ወይም ቤቱ አይደለም፣ «ፕሌየር» ማለትም እናንተ አይደላችሁም። የሁለት ጎራ ስሞች ናቸው፣ እንደ ፈረሰኞቹና ቡናማዎቹ። «ታይ»ን፣ ማለትም እኩል ይወጣሉ የሚለውን፣ አትንኩት፤ የቤቱ ድርሻ ከ14 በመቶ በላይ ነው።

ስሎት፣ ቁልፍ እየተጫናችሁ የምትጫወቱበት የቁማር ማሽን፣ ላይ ሌላ ዓይነት ቋንቋ አለ። «ፔኒ ስሎት» ስለተባለ በሳንቲም የሚጫወቱ እንዳይመስላችሁ። ሳንቲሙ የአንዷ «ክሬዲት» ዋጋ ነው፣ ማሽኑ ግን አንዴ ለመጫን 50 ወይም 88 ሳንቲም ሊጠይቅ ይችላል። በ88ቱ ሳንቲም በ10 ደቂቃ መቶ ጊዜ ብትጫኑ በሰዓት 528 ዶላር አዙራችኋል ማለት ነው፣ ኪሳችሁ የነበረው 100 ዶላር ቢሆንም። «አርቲፒ» ማሽኑ በረጅም ጊዜ የሚመልሰው ከመቶ ስንት እንደሆነ ነው። ቬጋስ ያለችበት የኔቫዳ ግዛት ደንብ ዝቅተኛውን 75 ከመቶ አድርጎታል፣ ማሽኖቹ በአብዛኛው ከዚያ በላይ ይመልሳሉ። ለምሳሌ 90 የሚመልስ ማሽን ቢሆን ከ528ቱ ላይ 53 ዶላር ገደማ ለቤቱ ይቀራል። በየመሃሉ 88 አስገብታችሁ 40 ሳንቲም ሲሰጣችሁ መብራቱና ሙዚቃው እንደ ሰርግ ቤት ይደምቃል። ያ ማሸነፍ አይደለም፣ 48 ሳንቲም ተበልታችኋል።

ትልቅ ነገር ከመታችሁ ማሽኑ ይቆለፍና ሠራተኛ ይመጣል፤ «ሀንድ ፔይ» ይባላል። ወረቀት ያስሞላችኋል፣ ለግብር ነው። ለብዙ ዓመታት ወሰኑ 1,200 ዶላር ነበር። ከአገር ቤት የመጣ፣ የአሜሪካ ነዋሪ ያልሆነ እንግዳ እዚህ ጋ ይደነግጣል፣ ከስሎት ድሉ ላይ 30 ከመቶ ግብር ተቆርጦ ነው የሚሰጠው። ብላክጃክና ሩሌት ላይ ይህ ተቀናሽ የለም።

ስፖርት ቤቲንግ የለመደ ልጅ ደግሞ እዚህ መጥቶ ሰሌዳውን ሲያይ ግራ ይጋባል። አገር ቤት ኦድ 1.91 ወይም 2.50 ነው፣ ይባዛል፣ አለቀ። አሜሪካ «ማይነስ 110» እና «ፕላስ 150» ይላል። ማይነስ ከሆነ 100 ለማትረፍ የምታስይዙት ነው፣ 110 አስይዛችሁ 100 ታተርፋላችሁ፤ በኛ ኦድ 1.91 ገደማ። ፕላስ ከሆነ በ100 የምታተርፉት ነው፤ ፕላስ 150 ማለት 2.50። ሁለት እኩል የሆኑ ቡድኖች ላይ ሁለቱም ጋ ማይነስ 110 ሲጻፍ ያቺ 10 ዶላር «ጁስ» ወይም «ቪግ» ትባላለች፣ የቤቱ ድርሻ ናት።

«ፓርሌይ» እኛ አሥር ጨዋታ ደርድረን የምንቆርጣት ትኬት ናት። አሥሩም ጨዋታ ግማሽ በግማሽ ዕድል ያላቸው ቢሆኑ ሁሉንም የመምታት ዕድል ከ1,024 አንድ ነው። በ1.91 አሥር ጊዜ ብታባዙ ግን የሚመጣው 640 አካባቢ ነው። ጁሱ አንድ ጨዋታ ላይ ትንሽ ነበር፣ ሲባዛ ግን ከሦስት እጅ አንዱን በላይ ወሰደ። እና «በአንድ ጨዋታ ተበላሁ» እያልን አንገት እንደፋለን፣ ዋጋው ቀድሞ ተባዝቶ ትኬቷ ላይ እንደነበር ሳናይ።

ስለ ነጻ ነገር አንድ ነገር ልበል፣ አበሻ ነጻ እራት ሲሰጡት ያፍራልና። «ኮምፕ» ነው የሚባለው፦ ምግብ፣ ክፍል፣ ትርዒት። ከደግነት አይደለም። የአባልነት ካርዳችሁ ሲገባ ስንት አስያዛችሁ፣ ስንት ሰዓት ተጫወታችሁ ይመዘገባል፣ በሀውስ ኤጁ ይባዛል፣ የሚጠበቀው ኪሳራችሁ ይወጣል፣ «ቲዮ» ይሉታል። እራቱ የዚያ ቁራሽ ነው። ሩሌት ላይ 10 ዶላር በሰዓት 40 ጊዜ ካስያዛችሁ ቲዮው 21 ዶላር ያህል ነው፣ በአራት ሰዓት 84። የ25 ዶላር እራት ሲመጣ እንግዲህ ሳታፍሩ ብሉ፣ ከፍላችሁበታል።

«ማርከር» ካሲኖው የሚሰጣችሁ ብድር ነው፣ ግን እንደ ዱቤ ደብተር አትዩት። የምትፈርሙት ቼክ ነው፤ ኔቫዳ ውስጥ ሳትከፍሉ ብትቀሩ በቂ ስንቅ እንደሌለው ቼክ ተቆጥሮ በወንጀል ሊያስከስስ ይችላል። ብድሩ ሲሰጥ በፈገግታ ነው።

ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጡ ብሩን ለዲለሩ እጅ በእጅ አትስጡ፣ መቀበል አይፈቀድለትም፣ ጨርቁ ላይ አስቀምጡለት። ለዲለር የምትሰጡት ጉርሻ «ቶክ» ይባላል (በዲለሮቹ ስም አመሰግናለሁ በቅድሚያ)። ሲበቃችሁ «ከለር አፕ» በሉ፤ የተበታተነውን ቀይ የ5 ዶላርና አረንጓዴ የ25 ዶላር ቺፕ ቆጥሮ በጥቁር ባለ 100 ይቀይርላችኋል። ገንዘብ ግን እሱ አይሰጣችሁም፣ ቺፑን ይዛችሁ «ኬጅ» ወደሚባለው መስኮት ነው። ጥሬ ገንዘቡ በቀን ከ10,000 ዶላር ካለፈ መታወቂያ ይጠየቃል፣ ለመንግሥት ሪፖርት ይደረጋል፣ አትደንግጡ። ቺፕ የዚያው ቤት ብቻ ነውና ኪስ ውስጥ ረስታችሁ ወደ ኤርፖርት እንዳትሄዱ። ኤርፖርቱም ውስጥ ስሎት አለ፣ የሚበላው ግን ቺፕ ሳይሆን ዶላር ነው።