«ስኳሩ ለቀቀኝ»፦ የስኳር ሕመምተኞች በኩላሊታቸው ላይ የሚፈጽሟቸው ስህተቶች

በኩላሊት እጥበት ክፍል ውስጥ በነርስነት ስሠራ ዓመታት ተቆጥረዋል። አዲስ ታካሚ በገባ ቁጥር ከቤተሰቡ የምሰማው ቃል አንድ ነው፦ «ምንም አላመመውም ነበር እኮ!» ውሸት የለበትም። ኩላሊት አያቃስትም። ከፍ ያለ ስኳር ቀጫጭኖቹን የማጣሪያ ደም ሥሮች አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ሲያበላሽ፣ ባለቤቱ ሱቁን እየከፈተ፣ ሠርግና ለቅሶ እየደረሰ ይኖራል። ስህተቶቹን ታካሚዎች ራሳቸው በሚናገሯቸው ቃላት ነው የጻፍኳቸው፤ ሲሰሟቸው ሁሉም ልክ ይመስላሉ።

«ሽንቴ እንደ ልብ ይወርዳል»

ብዙ መሽናት የኩላሊት ጤንነት ምስክር አይደለም። ስኳሩ ከፍ ያለ ሰው እንዲያውም ከጤነኛ የበለጠ ይሸናል። እጥበት ከጀመሩት ታካሚዎቻችን መካከልም ሽንታቸው ያልቆመ አሉ፤ ውሃው ይወጣል፣ ቆሻሻው ደም ውስጥ ይቀራል።

መጠየቅ ያለበት ሽንቱ ምን ይዞ እንደወጣ ነው። ማጣሪያው መበላሸት ሲጀምር አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ሾልኮ ይወጣል። የተለመደው የሽንት ምርመራ ይህን ጥቂት መጠን ላያሳይ ስለሚችል፣ «አልቡሚን ከክሬቲኒን ጋር ተነጻጽሮ ይሠራልኝ» ብሎ በስሙ መጠየቅ ይሻላል፤ ክሬቲኒን ኩላሊት ከደም አጣርቶ የሚያስወጣው ቆሻሻ ነው። ውጤቱ በግራም ከ30 ሚሊግራም በላይ ሆኖ በሦስት ወር ውስጥ ከተደገመ የኩላሊት ጉዳት ተጀምሯል ማለት ነው። ዓይነት ሁለት ስኳር ያለበት ሰው ይህን ምርመራ በሽታው በታወቀበት ዕለት ይጀምራል፤ ስኳሩ ሳይታወቅ ስንት ዓመት እንደቆየ ማን ያውቃል? ዓይነት አንድ ያለበት ከአምስት ዓመት በኋላ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ ለሁለቱም በየዓመቱ ነው። ሽንት አረፋ እስኪያወጣ የጠበቀ ዘግይቷል።

«ክሬቲኒንሽ ደህና ነው ተብያለሁ»

አንዲት የ65 ዓመት እናት የምርመራ ወረቀቶቻቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘው መጡ። በየጊዜው የተሠሩ ናቸው፦ 0.8፣ ከዚያ 1.0፣ ከዚያ 1.2። በየወረቀቱ ላይ ውጤቱ «ጤናማ» በሚባለው መጠን ውስጥ ነው። ጎን ለጎን ስንዘረጋቸው ግን ሌላ ታሪክ ያወራሉ። ለ65 ዓመት ሴት 1.2 ማለት የኩላሊቷ የማጣራት አቅም በደቂቃ ወደ 50 ሚሊ ሊትር ገደማ ወርዷል ማለት ነው። ከ60 በታች ሆኖ ሦስት ወር ከቆየ የኩላሊት በሽታ ይባላል፤ ከ15 በታች ሲሆን ኩላሊቱ ሥራውን አቁሟል።

ክሬቲኒን ዘግይቶ የሚጮህ ማንቂያ ነው፤ የኩላሊት አቅም ግማሽ ያህሉ እስኪጠፋ ዝም ሊል ይችላል። ከጡንቻ የሚመነጭ በመሆኑም የቀጭን አሮጊት 1.2 እና የወዛደር ጎልማሳ 1.2 አይተካከሉም። ስለዚህ ዕድሜና ጾታ ተጨምሮበት የተሰላውን የማጣራት አቅም ይጠይቁ፤ አሮጌ ወረቀቶችንም አይጣሉ። ፌስታሉ ውስጥ ያሉት ሦስት ወረቀቶች ከአንድ አዲስ ወረቀት ይበልጣሉ።

«የግፊቱን ኪኒን ደህና ስሆን ተውኩት»

ደህና የሆኑት ኪኒኑን ስለሚውጡ ነው። ስኳርና ግፊት ተባብረው ነው ኩላሊትን የሚጥሉት፤ የብዙዎቹ ግብ ከ130/80 በታች ነው። ኢናላፕሪልና ሎሳርታን ደግሞ ግፊትን ከመቀነስ ባሻገር የአልቡሚኑን መፍሰስ ያቀዘቅዛሉ። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ካመጣብዎ ሐኪሙ በሎሳርታን ይተካልዎታል፤ ሳሉን ሸሽቶ ሁለቱንም መተው ግን ኩላሊቱን ያለ ጠባቂ መተው ነው። እንደ ዳፓግሊፍሎዚን ያሉ አዳዲስ የስኳር መድኃኒቶችም የኩላሊትን መድከም እንደሚያዘገዩ ተረጋግጧል። የገንዘብ አቅምዎ ከፈቀደ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

«ለወገቤ ነው፣ ለስኳሩ አይደለም»

ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያለ ማዘዣ ከየመድኃኒት ቤቱ እንደ ከረሜላ ይገዛሉ። ወደ ኩላሊት የሚሄደውን የደም ፍሰት ይቀንሳሉ፤ ከግፊት ኪኒንና ከሽንት ማብዣ ጋር ሲገናኙ ደግሞ ደካማውን ኩላሊት በቀናት ውስጥ ሊጥሉት ይችላሉ። ለሕመም ማስታገሻ ፓራሲታሞል በመጠኑ ይሻላል። «ከስኳር ይፈውሳል» ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠውን ቅጠልማ እንተወው፤ መጠኑን ሻጩም አያውቀውም። ምንም ጉዳት የሌለው የሚመስለው የሽፈራው ዱቄት እንኳ ፖታሲየም የተባለው ማዕድን የበዛበት ነው፤ ለደከመ ኩላሊት ሸክም ይሆናል።

«ስኳሩ ለቀቀኝ»

ይህን ስህተት ሳስብ ከዓይኔ የማይጠፉ አንድ ጋሼ አሉ። ሃያ ዓመት ኢንሱሊን የተወጉ ሰው ናቸው። አንድ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ሲለኩ 200 ይል የነበረው ወደ 110፣ ከዚያ ወደ 80 ወረደ። የሚወጉትን መጠን ቀነሱ፤ እንደገናም ወረደ። ስለታቸው ደረሰና የሐር ጃንጥላ ገዝተው ለደብራቸው አስገቡ። ጎረቤት ሁሉ እልል አለላቸው። ጥቂት ቆይቶ ሌሊት በላብ ተጠምቀው፣ ራሳቸውን ስተው ተገኙ። ሆስፒታል ሲደርሱ ስኳራቸው 31፣ ክሬቲኒናቸው 9 ነበር።

ምን ሆኖ ነው? ኢንሱሊንን ሰብረው ከሚያስወግዱት አካላት አንዱ ኩላሊት ነው። ኩላሊት ሲደክም ትናንት የተወጉት ኢንሱሊን ዛሬም ደም ውስጥ ይዞራል። በዚያ ላይ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፤ ኩላሊት ራሱ ያመርተው የነበረውም ስኳር ይቀንሳል። ስለዚህ አመጋገብ ሳይለወጥ፣ መድኃኒት ሳይጨመር ስኳር ብቻውን ሲወርድ ከስለቱ በፊት ላብራቶሪ መሄድ ይቀድማል።

ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ኪኒን የሚውጡ ሰዎች ከሁሉ በላይ ይጠንቀቁ። ኩላሊት ሲደክም መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ስለሚጠራቀም ስኳርን ለረጅም ሰዓት ያወርዳል፤ በጣፋጭ የተነሣ ሰው ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊወድቅ ይችላል። ሌላው የስኳር ኪኒን ሜትፎርሚንም የማጣራት አቅም ከ30 በታች ሲሆን ይቆማል።

እጥበት ላይ ላሉት ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ስኳር ሲወርድ ቤተሰብ ሙዝ ወይም የብርቱካን ጭማቂ ይዞ ይሮጣል። ሁለቱም ፖታሲየም የሞላባቸው ናቸው። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥቂት ውሃ በጥብጦ መስጠት በቂ ነው፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደገና ይለካል። የሦስት ወር አማካይ የሚባለው የስኳር ምርመራም ደም ማነስ ስላለ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ በጣት የሚለካውን አይተዉ።

«ማሽን ላይ የወጣ አይመለስም»

ይህ አባባል ብዙ ሰው አዘግይቷል። ታካሚው ሲያስታውከው፣ ሲያሳክከው፣ ሲያብጥ ቤቱ ይቆያል፤ መተንፈስ ሲያቅተው በድንገተኛ ይመጣል፤ አንገቱ ላይ ባለው ደም ሥር ካቴተር የሚባል ቱቦ ይገባለታል፤ ካቴተሩ ያመረቅዛል፤ ከዚያ «ማሽኑ ገደለው» ይባላል። በድንገት የተጎዳ ኩላሊት አገግሞ ከማሽን የወረዱ ሰዎችም አሉ። በስኳር ቀስ በቀስ የወደቀ ኩላሊት ግን አይመለስም፤ መወቀስ ያለበትም ማሽኑ ሳይሆን መዘግየቱ ነው።

ተዘጋጅቶ የሚመጣ ሰው ፊስቱላ ይሠራለታል። ፊስቱላ ሲባል ብዙዎች የወሊዱን አስበው ይደነግጣሉ፤ ይህ ሌላ ነው። በክንድ ላይ ደም ወሳጁንና ደም መላሹን ቧንቧ በቀዶ ሕክምና ማገናኘት ነው። እስኪጠነክር ከሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ይፈጃል፤ ስለዚህ ንግግሩ መጀመር ያለበት ኩላሊቱ ገና ሥራ ሳያቆም ነው። ከዚያም በፊት የማይጽፉበትን እጅ ይጠብቁ፤ ደም ሲቀዳም ሆነ ግሉኮስ ሲሰጥ ሌላውን እጅ ይስጡ። ከተሠራ በኋላ በዚያ ክንድ ግፊት አይለካም፣ ጀሪካን አይነሣበትም፣ ተንተርሰውትም አይተኙም። ጣትዎን ሲያሳርፉበት እንደ ንብ ቀፎ ይነዝራል፤ መንዘሩን ካቆመ ነገ ሳይባል በዕለቱ መምጣት ነው።

«የቀረውን ማሽኑ ያጥብልኛል»

በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ቢታጠቡ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ ሳምንት ግን 168 ሰዓት አለው። በገንዘብ ምክንያት ሁለቴ ብቻ የሚመጡትም ብዙ ናቸው። የቀረው ጊዜ በአፍ ነው የሚጠበቀው። ከበዓል ማግስት ሚዛኑ ላይ የሚቆሙትን ስመለከት የዶሮ ወጡን ጨው በኪሎ አነበዋለሁ፤ አምስት ኪሎ የጨመረ ሰው አምስት ሊትር ውሃ ተሸክሞ መጥቷል ማለት ነው። ስኳር ከፍ ሲልም ጥማት ይመጣል፤ ውሃን ለመቀነስ መጀመሪያ ስኳሩን መያዝ ይጠይቃል።

ጸበል የሚጠጡ ታካሚዎቼን አልከለክልም። በሊትር ሳይሆን በስኒ ይሁን እላለሁ፤ በረከቱ በመጠኑ አይለካም፣ ሳንባ ውስጥ የሚገባው ውሃ ግን ይለካል። ቡና፣ አቮካዶ፣ ሙዝ፣ ቲማቲምና ድንች ፖታሲየማቸው ስለሚበዛ ይቀነሳሉ፤ ድንቹ ተልጦ ተቆራርጦ በብዙ ውሃ ይቀቀል፣ ውሃው ይደፋ። ፖታሲየም ሲበዛ አስቀድሞ ሳይናገር ልብን ሊያቆም ይችላል። በሌላ በኩል እጥበት የጀመረ ሰው ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ከእጥበት በፊት «ሥጋ ቀንሱ» የተባለውን ይዘው፣ ከዚያም በኋላ እንቁላል እየፈሩ የሚከሱ ብዙዎች ናቸው። ጾም ሲገባ ሐኪምንም ንስሐ አባትንም አንድ ላይ ማማከር ይገባል።

የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገራችን በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል፤ ኩላሊቱ በአብዛኛው የሚገኘው ከዘመድ ነው። ችግሩ ስኳር በቤተሰብ መሄዱ ነው፤ ለመስጠት የተነሣ ወንድም ሲመረመር እርሱም ስኳር ተገኝቶበት የሚመለስበት ጊዜ አለ።

ጋሼ ጃንጥላው አሁንም ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ይመጣሉ። ገብተው ሲቀመጡ ሁለት ጣታቸውን ክንዳቸው ላይ ያሳርፉና «ንቧ አለች፣ ልጄ» ይሉኛል። ባለፈው ቅዳሜ የ38 ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ፤ እርሱም ስኳር ከተገኘበት ሁለት ዓመቱ ነው፣ ሽንቱን ተመርምሮ ግን አያውቅም።

«አባዬ፣ እኔ ምንም አያመኝም እኮ» አላቸው።

«እኔንም አላመመኝም ነበር» አሉት፣ የሽንት መያዣዋን እያቀበሉት።