የአዲስ ቤት ቀለምና የፊኒሺንግ ዕቃ እንዴት ይመረጣል?

ቤቱን ገንብቶ ፊኒሺንግ ላይ የደረሰ ሰው ብዙ ጊዜ ብሩም ትዕግሥቱም አልቋል። ስለዚህ ስለ ግድግዳው ቀለም ሳምንት ሙሉ ይጨነቅና ሶኬቱንና ሴራሚኩን ለሠራተኛው ይተወዋል። እባካችሁ ነገሩን ገልብጡት። ቀለም በሁለት ቀን ይቀየራል። ሴራሚክና ሶኬት ግን ካልተሰበረ አይነሳም። ለመቀየር የሚከብደውን አስቀድሙ።

የመጀመሪያው ሥራ ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ጠመኔ ይዞ ቤቱ ውስጥ መዞር ነው። አልጋው የት ይሆናል? ፍሪጁስ? ቡና የሚፈላው የት ጋ ነው? በሩ ወዴት ይከፈታል? ማብሪያ ማጥፊያው ከበሩ ኋላ እንዳይደበቅ በእጃችሁ እየሞከራችሁ ብሎኬቱ ላይ ምልክት አድርጉ።

ምጣዱን በተለይ አትርሱ። የእንጀራ ምጣድ እስከ 3,500 ዋት ሊወስድ ይችላል፤ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ማለት ነው። ተራ ሶኬት ይህን ለረጅም ሰዓት አይችለውም። እኛ ቤት ምጣዱና ፍሪጁ በአንድ መስመር ላይ ነበሩ። አንድ ቅዳሜ እናቴ እንጀራውን አጋምሳ ሳለ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተን። ስናይ ሶኬቱ ጠቁሮ ከስፒናው ጋር ተጣብቋል። ለምጣድ ከብሬከሩ ጀምሮ ለብቻው መስመር አስዘርጉ፣ የገመዱንም ውፍረት ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጋር ተነጋገሩበት።

ቀጥሎ ወለሉ ነው። ከሱቅ አንድ ፍሬ ሴራሚክ ለምናችሁ ቤታችሁ ውሰዱ። በሱቁ ደማቅ መብራት ያማረው፣ ጨለም ባለ ኮሪደር ላይ ሌላ መልክ ይኖረዋል። ውሃ አፍስሱበትና በባዶ እግር ቁሙበት። ካንሸራተተ ለሻወር ቤት አይሆንም። በሴራሚኮቹ መካከል ስለሚሞላው ፉጋ ደግሞ እኔ አቋም አለኝ፤ ነጭ ፉጋ አታስደርጉ። የአዲስ አበባን የክረምት ጭቃና የቡና ጠብታ አይችልም። ከሴራሚኩ ጠቆር ያለ ይሁን። ስትገዙ ከለካችሁት ካሬ ላይ 10 በመቶ ጨምሩ፤ ካርቶኖቹ ላይ ያለው የምርት ቁጥርም አንድ ዓይነት መሆኑን እዩ። በተለያየ ጊዜ የተመረተ ሴራሚክ የሞዴሉ ኮድ አንድ ቢሆንም ቀለሙ ሊለያይ ይችላል።

የቧንቧ ዕቃ በእጅ ይመዘናል። ናስ ከባድ ነው፣ ቀላሉ ብዙ ጊዜ አይበረክትም። ውሃችሁ በፈረቃ ከሆነና ከሮቶ የምትጠቀሙ ከሆነ ግፊቱን አስቡ። 1 ባር ግፊት ለማግኘት ውሃው 10 ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት። ሮቶው ከሻወሩ 3 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ ያ ሰፊ የጣሪያ ሻወር ያንጠባጥባል እንጂ አይወርድም። ፓምፕ ካላሰባችሁ ትንሹን ሻወር ግዙ።

አሁን ቀለም። ልስኑ ቢያንስ 4 ሳምንት ይድረቅ፣ በክረምት ከዚያም በላይ። እርጥብ ልስን ላይ የተቀባ ቀለም ያብጣል፣ ይላጣል። ከዚያ ከካታሎግ ሦስት ቀለም ምረጡና ትንሽ ትንሽ አስበጥብጡ። እያንዳንዱን አንድ ሜትር በአንድ ሜትር፣ ሁለት እጅ ቀቡት። በጠዋት፣ በቀትርና ማታ መብራት አብርታችሁ እዩት። ወደ ምዕራብ የሚያይ ሳሎን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስለሚገባበት ቢጫው ብርቱካን ይሆናል። አምፖሉም ቀለም ይቀይራል፤ 3,000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) ሞቅ ያለ ቢጫ፣ 6,500 ኬልቪን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው። ስለዚህ የምትጠቀሙበትን አምፖል ገጥማችሁ ሞክሩ። ለኮሪደርና ለኩሽና በጨርቅ የሚታጠብ ቀለም፣ ለኮርኒስ የማያብረቀርቅ ይሻላል።

የአንዱን ክፍል ቀለም ሁሉ በአንድ ቀን አስበጥብጡ። የተረፈውን ጋሎን በደንብ ከድናችሁ፣ የክፍሉን ስምና የቀለሙን ቁጥር ጽፋችሁ አስቀምጡት። ሶፋው ሲገባ ግድግዳው መጫሩ አይቀርም።